ከአደጋ በኋላ ብር እንስጥ ወይስ ኩፖን? ከገበያ ቅኝት እስከ መጨረሻው ክፍያ

አንድ አካባቢ ጎርፍ ሲገባው ወይ መሬት ሲንሸራተት እኛ ጋ ምን እንደሚሆን ይታወቃል። እድር ይጠራል፣ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ይለጠፋል፣ ማካሮኒና ብርድ ልብስ አይሱዙ ላይ ይጫናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ውስጥ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ሲቀጥፍም ብዙ ሰው እንዲህ ነው የተረባረበው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ልክ ነው። ቤቱ ጭቃ ውስጥ የቀረ ሰው ድስትም ብርድ ልብስም የለውም።

ነገሩ የሚከብደው ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አንዱ ቆርቆሮ ይፈልጋል፣ አንዷ ዘር ትፈልጋለች፣ ሌላው የወሰደውን ዱቤ ካልከፈለ ባለሱቁ ሁለተኛ አይሰጠውም። እኛ ግን ለሁሉም እኩል 25 ኪሎ ዱቄት ይዘን እንደርሳለን። ዱቄቱ በማግስቱ ገበያ ላይ በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ ደግሞ "ሸጡት እኮ!" ብለን እንናደዳለን። ታዲያ ምን ያድርጉ? የወፍጮ፣ የሳሙና፣ የመድኃኒት ብር ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ የምጽፈው ለእድሮች፣ ለወጣት ኮሚቴዎች፣ ለማኅበራትና ለትንንሽ አገር በቀል ድርጅቶች ነው። አቋሜን በግልጽ ልናገር፦ ገበያው የሚሠራ ከሆነ ብር ስጡ። ኩፖን፣ ማለትም ሱቅ ላይ በዕቃ የሚቀየር ወረቀት፣ የሚመጣው ምክንያት ሲኖረው ነው፣ እህልና ዕቃ የሚጫነው ደግሞ ገበያው ባዶ ሲሆን ነው። አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ከ1997 ጀምሮ ለሚሊዮኖች ብር ወይ እህል ሲከፍል ኖሯል። የክፍያ ቀን ግርግር ምን እንደሚመስል ገጠር ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

1. መጀመሪያ ወረዳው ጋ ሂዱ

ይሄን በአጭሩ ልለፈው። የወረዳውን የአደጋ ስጋት አመራር ጽሕፈት ቤት ሳታናግሩ ስም መመዝገብ አትጀምሩ። እዚያ ማን ምን እየሰጠ እንደሆነ ይነግሯችኋል፣ አንድ ቀበሌ ሦስት ጊዜ ተረድቶ ጎረቤቱ ባዶ እንዳይቀርም ይረዳል። በድርጅት ስም ገንዘብ የምትሰበስቡ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ሲቪል ማኅበር መሆን ወይም ከተመዘገበ ጋር መሥራት ይኖርባችኋል። በግለሰብ ሂሳብ ብር መሰብሰብ መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው።

2. ገበያውን እዩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ ዋናው ሥራ ግን እዚህ ጋ ነው ያለው።

ቢያንስ ሁለት የገበያ ቀን ውሉበት። የእህል ነጋዴ፣ ባለሱቅ፣ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር፣ ወፍጮ ቤት፣ ሁሉንም እዩ። ዋጋ ስትጠይቁ እንደ ማንኛውም ገዢ ጠይቁ፤ "የርዳታ ኮሚቴ ነን" ካላችሁ ዋጋው እዚያው ይወጣል። መለኪያውንም ልብ በሉ። አንዱ ገበያ በጣሳ ይሸጣል፣ ሌላው በቁና፣ ቁናው ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ትንሽ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱና በኪሎ አስተካክሉት፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው ወር ዋጋ ጨመረ ወይስ ቁናው አነሰ የሚለውን አታውቁትም።

ከዚያ ነጋዴዎቹን አረፍ ብላችሁ አናግሯቸው፣ ያን ጊዜ ማን እንደሆናችሁ ንገሯቸው። ዕቃ ከየት ነው የምታመጡት? መንገዱ ተከፍቷል? ፈላጊ በእጥፍ ቢጨምር በስንት ቀን ታስገባላችሁ? ከጅምላ ሻጩ በዱቤ ታገኛላችሁ ወይስ እጅ በእጅ ነው? ነጋዴው "ሐሙስ ካዘዝኩ እሑድ ይገባል" ካለ ገበያው ይሠራል ማለት ነው። "ድልድዩ ከፈረሰ ወዲህ በአህያ ነው የምናስጭነው" ካለ ደግሞ ብር ስትሰጡ የምታስወድዱት ዋጋውን ነው። ያኔ ድልድዩ እስኪጠገን እህል ጫኑ፣ ብሩን አቆዩት።

ወቅቱም ይወስናል። ከሰኔ እስከ መስከረም የአብዛኛው ገበሬ ጎተራ ባዶ ስለሆነ እህል ይወደዳል፣ ከኅዳር በኋላ ደግሞ ይረክሳል። ነሐሴ ላይ ግማሹን በእህል ግማሹን በብር መስጠት፣ ታኅሣሥ ላይ ሙሉውን በብር መስጠት የሚያዋጣ ነገር ነው። ባንክ ከሌለ ወይም ከተዘጋ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ትግራይ ውስጥ በጦርነቱ ጊዜ ባንኮች ሲዘጉ ሂሳቡ ውስጥ ብር ያለው ሰው እንኳ አውጥቶ መግዛት አልቻለም። ስለዚህ የገበያው ጥያቄ ስለ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ ስለ ብሩም ነው።

3. ብር ወይስ ኩፖን፣ ወስኑ

ብር ለሰውየው ምርጫ ይሰጠዋል፣ ማከፋፈያውም ይረክሳል። መኪና፣ መጋዘን፣ ወዛደር፣ ጥበቃ የለም።

"ወንዶቹ ይጠጡበታል" የሚል ሰው ከኮሚቴው መካከል መነሳቱ አይቀርም። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ብር የተሰጣቸው ቤተሰቦች ለመጠጥና ለሲጋራ የሚያወጡት እንደማይጨምር አሳይተዋል። አንድ ጠጪ ጎጡ ውስጥ ካለ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለሚስቱ ስጡና ጨርሱት። "ብር ይሰረቃል፣ እህል ይሻላል" ለሚለውም መልስ አለው። ሰኔ 2015 አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ኢትዮጵያ ውስጥ የምግብ ርዳታ ያቆሙት ስንዴው ለተረጂው ሳይደርስ ገበያ ላይ በመገኘቱ ነበር።

ኩፖን የሚሻለው መቼ ነው? ዕቃው ጥራቱ ካልተጠበቀ ጉዳት የሚያመጣ ሲሆን፤ ለምሳሌ ዘር ወይም የጣሪያ ቆርቆሮ። ለጋሹ ለአንድ ነገር ብቻ ብሎ የሰጠው ሲሆን። ጥሬ ብር ይዞ መንቀሳቀስ ለሕይወት የሚያሰጋ ሲሆን። ወይም ደግሞ ለተወሰነ ሰው የተወሰነ ነገር እንዲደርስ ስትፈልጉ። አማራ ክልል ውስጥ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች አትክልት፣ ፍራፍሬና እንቁላል መግዣ ኩፖን ሲሰጥ የነበረው ለዚህ ነው።

ኩፖን የሚያስጠላኝ አንድ ነገር አለ። ከሦስት በታች ሱቅ ባለበት ቦታ ከሰጣችሁት ባለሱቁ ንጉሥ ይሆናል።

4. ስንት?

ከላይ የወረደ ቁጥር ካለ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። በአካባቢው የሚሠሩ ድርጅቶች የተስማሙበት የክፍያ መጠን ካለ ከዚያ ብዙ አትራቁ፣ እናንተ 8 ሺህ ስትሰጡ ጎረቤት ቀበሌ 4 ሺህ ከተሰጠ ጸቡ ለእናንተ ነው የሚተርፈው። ከሌለ ግን ራሳችሁ አስሉ።

በኢትዮጵያ የተለመደው ሙሉ የእህል ራሽን በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት 75 ኪሎ እህል፣ 7.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 2.5 ሊትር ገደማ ዘይት ይመጣል። ለስሌት ያህል በቆሎ በኪሎ 50 ብር፣ ባቄላ 120፣ ዘይት በሊትር 280 ይሁን፤ እናንተ በገበያችሁ ዋጋ ተኩት። እህሉ 3,750፣ ባቄላው 900፣ ዘይቱ 700፣ ድምሩ 5,350 ብር። በዚህ ካቆማችሁ ሰዎቹን በቆሎ ጥሬውን ብሉ እንዳላችኋቸው ቁጠሩት። የወፍጮ በኪሎ 4 ብር ሲታሰብ 300፣ ለጨው፣ ለሳሙናና ለባጃጅ 350 ጨምሩ። 6,000 ብር ሆነ።

ከዚህ ላይ ሰዎቹ ከሌላ የሚያገኙትን ቀንሱ። ወረዳው ስንዴ እየሰጠ ከሆነ የእህሉን አውጡና የቀረውን ስጡ። የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ክፍያው የሚደርሰው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ነው፣ ክረምት ላይ አደጋ ቢደርስ ያ ቤተሰብ "ሴፍቲኔት አለው" ተብሎ መዘለል የለበትም። ብሩ ሲወጣ የሚቆረጠውን ኮሚሽንም እናንተ ሸፍኑ።

ለዋጋ ለውጥ የሚውል ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡ። ጎፋ ላይ አደጋው በደረሰ በሳምንቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚያ ሰሞን የቆርቆሮና የዘይት በጀት አውጥቶ የነበረ ሰው ስሌቱን ከዜሮ ነው የጀመረው። በጀታችሁ ለ100 ቤተሰብ ከበቃ 85 ወይ 90 መዝግቡና መጠባበቂያ ይኑራችሁ። ዋጋ ካልጨመረ የቀሩትን በሁለተኛ ዙር ታስገባላችሁ።

5. ለማን?

ስም ዝርዝሩን ለሊቀመንበሩ ብቻ አትተዉት። በየጎጡ ሽማግሌ፣ ሴቶች፣ አንድ ወጣት፣ አካል ጉዳተኛ ያለበት ትንሽ ኮሚቴ ይመረጥ። መስፈርቱን ራሳቸው ያውጡት፤ ቤቱ የፈረሰ፣ ማሳው የተወሰደ፣ ከብቱ የሞተበት፣ ጧሪ የሌለው። ከዚያ ዝርዝሩ በአደባባይ ይነበብ። ሰዉ ከተሰበሰበ "እገሌ ምን ሆነና?" የሚል አይጠፋም። የሚያፍር ካለም ከስብሰባው በኋላ ጠጋ ብሎ የሚነግራችሁ አለ፣ እሱንም ስሙት።

አንድ ነገር ጠብቁ። "ሁላችንም ተጎድተናል፣ እኩል እንካፈል" የሚል ሐሳብ ይነሳል። አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። መንደሩ በሙሉ ከተደመሰሰ መምረጥ ጉልበት ማባከን ነው፣ ለሁሉም ስጡ። ግማሹ ብቻ ከተጎዳ ግን አጥብቃችሁ ተከራከሩ። ሰዉ ካላመነበት ግን እናንተ መርጣችሁ ሰጥታችሁ ስትሄዱ ብሩ እንደገና ተሰብስቦ ሊከፋፈል ይችላል፣ ደካማው ደግሞ አፍ አውጥቶ እንቢ አይልም። አስቀድሞ በግልጽ ተነጋግሮ ትንሽ ሰፋ ማድረግ ይሻላል።

ከዝርዝር ቶሎ የሚወድቁትን በስም ፈልጓቸው፦ መሬት የሌላት ፈት ሴት፣ በኪራይ የሚኖር፣ ከሌላ ወረዳ መጥቶ የተጠለለ፣ የሁለተኛ ሚስት ቤት። ሁለት ሚስት ያለው ሰው ሁለት ጉልቻ ነው ያለው። ሁለቱንም እንደየቤታቸው መዝግቡ።

6. ብሩ እንዴት ይድረስ?

በእጅ፣ በባንክ፣ በማይክሮ ፋይናንስ ወይም በስልክ። ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ፣ ሲቢኢ ብር አለ፣ ኤምፔሳም ገብቷል። ስልክ ጥሩ ነው፤ ግን የምርጫው ጥያቄ መተግበሪያው ማማሩ አይደለም። በአቅራቢያው ብር የሚያወጣ ወኪል አለ ወይ ነው።

ሒሳቡን ሥሩት። 300 ቤተሰብ በ6,000 ሲባዛ 1.8 ሚሊዮን ብር ነው። የትኛው የገጠር ከተማ ወኪል ነው ይህን ያህል ብር ሳጥኑ ውስጥ የሚያሳድረው? በአንድ ቀን ለሁሉም ከላካችሁ አርባኛው ሰው ላይ "ብር አልቋል፣ ነገ ና" ይጀመራል። ሁለት ሰዓት ተጉዛ የመጣች እናት ባዶ እጇን ትመለሳለች። አንዳንዱ ወኪል ደግሞ "አሁን ከፈለግሽ ትንሽ ተቆርጦ ነው" ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው። በየጎጡ በተለያየ ቀን ላኩ፣ ለወኪሎቹ ከሳምንት በፊት ንገሯቸው፣ ቅርንጫፉም ብር እንዲያዘጋጅ በደብዳቤ ጠይቁ።

ቀኑን ከገበያ ቀን በፊት ባለው ቀን አድርጉት። ብር ቤት ውስጥ ብዙ ካላደረ አይጠፋም፣ ለልመናና ለብድርም አይጋለጥም። በማርያም፣ በሚካኤል ወይም በጁምዓ ሰዓት ቀጠሮ አትያዙ።

አሁን ትንሽ የሚመስለውና ሁሌ የሚያስቸግረው፦ ስም። ኮሚቴው የመዘገበው በቤት ስሟ ነው፣ መታወቂያዋ ላይ ያለው ሌላ፣ ሲሙ ደግሞ በልጇ ስም የወጣ። አንዱ "ኃይለማርያም" ብሎ ገጥሞ ይጽፋል፣ ሌላው "ሀይለ ማሪያም" ብሎ ይለያየዋል። ሲስተሙ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ምዝገባውን መታወቂያውን እያያችሁ እንዳለ ጻፉ፣ ስልኩንም እዚያው ቆማችሁ ደውሉበት። ከትልቁ ክፍያ በፊት አሥር ብር ልካችሁ ሞክሩ። ያልደረሰውን ለይታችሁ አስተካክሉ። መታወቂያ የሌለው ካለ ቀበሌው በሁለት ምስክር ደብዳቤ ይጻፍለት፣ "ወረቀት የለህም" ብሎ መመለስ ቤቱ ተንሸራትቶ ወረቀቱን የወሰደበትን ሰው ሁለተኛ መቅጣት ነው።

የሚስጥር ቁጥሩን በተመለከተ ጉዳዩን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ብዙ ሰው ስልኩንም ቁጥሩንም ለወኪሉ አቀብሎ "አውጣልኝ" ይላል። አንድ ጠዋት ወስዳችሁ በየጎጡ አሳዩ፦ መልእክቱ ሲገባ ይህን ይመስላል፣ ስንት እንደገባ እዚህ ጋ ይነበባል፣ ቁጥሩን ራስህ ትነካለህ፣ ብሩን ቆጥረህ ነው ከባንኮኒው የምትርቀው። ማንበብ የማይችሉ አዛውንት አብሯቸው የሚመጣ የሚያምኑት ሰው ራሳቸው ይምረጡ እንጂ ኮሚቴው አይመድብላቸው።

7. ኩፖን ከሆነ

ኩፖኑ ተከታታይ ቁጥር፣ ማኅተም፣ የብሩ መጠንና የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። በየዙሩ ቀለሙን ቀይሩ፣ ፎቶኮፒ ለማድረግ እንዳይመች።

ከአራት አምስት ሱቅ ጋር ተዋዋሉ። ውሉ ላይ ዋጋና ጥራት ይጻፍ፣ ዋጋውም ሱቁ በር ላይ ይለጠፍ። ቆርቆሮ ከሆነ ጌጁን፣ ማለትም የውፍረት ቁጥሩን፣ ጻፉ። ጌጁ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ 32 ተዋውሎ 35 ማስረከብ የተለመደ ማጭበርበር ነው። ከሩቅ ሲታይ ሁለቱም ያብለጨልጫሉ።

ለባለሱቆቹ በቶሎ ክፈሉ፣ በሳምንት ውስጥ ቢሆን ጥሩ። ወር ካስጠበቃችኋቸው ካፒታላቸው ይታሰራል፣ ከዚያ ወይ ዕቃ ያልቅባቸዋል ወይ ኩፖን ለያዘ ሰው ዋጋ ይጨምራሉ። ሰዎች የ1,000 ብር ኩፖን በ700 እየሸጡ ከሆነም ፖሊስ አትጥሩ። ብር ነው የምንፈልገው እያሏችሁ ነው፣ በሚቀጥለው ዙር ቀይሩት።

ዘር ከሆነ ከከተማ ገዝቶ ከማምጣት ይልቅ የዘር ገበያ አዘጋጁ። በአካባቢው ጥሩ ዘር ያላቸው ገበሬዎችና ነጋዴዎች አንድ ቀን ይጠራሉ፣ ተጎጂው ኩፖኑን ይዞ መርጦ ይገዛል። ገበሬ ዘሩን በእጁ አሽቶ፣ ነክሶ ነው የሚያውቀው። ብቻ ጊዜው አይለፍባችሁ፤ የመኸር ዘር ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቢደርስ ለንፍሮ ነው የሚሆነው።

8. ቤትና ከብት መልሶ ማቆም

የወር ቀለብ በየወሩ ይሰጣል። ለቤትና ለመቋቋሚያ ግን ዳጎስ ያለ ብር በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ነው የሚያስፈልገው፣ 6,000 ብር በየወሩ የተቀበለ ሰው በሬ አይገዛበትም።

ለቤት በሁለት ከፍሉት። የመጀመሪያው ለእንጨት፣ ለማገርና ለሠራተኛ። ግድግዳው ሲቆም ኮሚቴው አይቶ ሁለተኛው ለክዳን ይለቀቃል። ቁጥጥሩ ግን ልክ ይኑረው፤ አሮጊቷ ደቦ የሚወጣላት አጥታ ከዘገየች ክፍያዋን አትያዙ፣ ለሠራተኛ የሚሆን ጨምሩላት። ቤቱ የሚሠራበት መሬት ዳግም የማይንሸራተት መሆኑን ወረዳው ሳያረጋግጥ ደግሞ አንድም ሚስማር አትክፈሉ።

በድርቅ አካባቢ ግን ከብቱ ከሞተ በኋላ መክፈል ዘግይቶ መድረስ ነው። በ1998 ቦረና፣ ሞያሌ ላይ የተሠራው ጥሩ ትምህርት ነው። ድርቁ ከብቱን ሳይጨርስ ነጋዴዎች ወደ አርብቶ አደሩ እንዲመጡ ተደርጎ 20 ሺህ ገደማ ከብት ተገዛ። ቤተሰቦቹ በብሩ ቀለብ ገዙ፣ ለቀሩት ከብቶች መኖና ማጓጓዣ ከፈሉ። ርዳታ ሰጪው ብሩን ከኪሱ ብዙም አላወጣም፣ ነጋዴውን ከሻጩ ጋር ማገናኘቱ ነበር ትልቁ ሥራ።

9. ከክፍያ በኋላ

ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ የተወሰኑ ቤቶችን አንኳኩ። ሙሉውን አገኛችሁ? ከውስጡ የጠየቃችሁ አለ? ለምን ዋለ? ወኪሉ ጋ ስንት ሰዓት ጠበቃችሁ? ቤት ውስጥ በብሩ የተነሳ ጠብ ተፈጠረ? ይሄኛውን ለሴቶች ሴት ብቻዋን ትጠይቅ። የሦስት ነጋዴዎችን ዋጋም በየሳምንቱ መዝግቡ፣ ከ15 እስከ 20 በመቶ ካሻቀበ መጠባበቂያውን ክፈቱ።

ቅሬታ የሚሰማው ሰው ስም የመዘገበው ሰው መሆን የለበትም። ስልክ ቁጥሩ በወፍጮ ቤት፣ በጤና ኬላ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በር ይለጠፍ። ከውስጡ አምጡ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ኮሚቴም ይሁን ዘመድ፣ ብሩ የሌላ ሰው መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ተናገሩ። ለቀጣዩ ዙር "መዋጮ" ብሎ ከክፍያ መስመር ጫፍ የሚቆም አይጠፋም።

ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ቤት ስንት ደረሰው፣ ለወኪልና ለመጓጓዣ ስንት ወጣ የሚለውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለሰጡትም ለተቀበሉትም ለጥፉ። የተረጂዎቹን ስምና ስልክ ግን ፌስቡክ ላይ አታውጡ። ብር ይዛ ቆማ ፎቶ የተነሳች ሴትም አትለጠፍ።

የመጨረሻው ክፍያ መቼ እንደሆነ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ንገሯቸው። የሚቀጥል መስሎት በዱቤ የሚወስድ ሰው አለ፣ ባለሱቁም በእናንተ ተማምኖ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ቀኑን ለባለሱቆቹም አሳውቁ።